ሰባተኛው መስመር

ትሁት ለተማሪዎቿ ሁሉ አንድ ሕግ ነበራት፤ እውነት ያልሆነ ዓረፍተ ነገር አትቀበልም። አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ሰጥታ «በዚህ ዓረፍተ ነገር ሥሩ» ስትል፣ ተማሪው ከገዛ ኑሮው የወጣ ነገር መጻፍ ነበረበት። «ጆን ኳስ ይወዳል» ብሎ የጻፈ ልጅ ደብተሩ ሳይታረም ይመለስለታል። «ጆን ማነው? ቦንጋ ውስጥ የት ሰፈር ነው?» ትለዋለች፤ ክፍሉ ይስቃል።

ሚንሃጅን ግን እንዲህ ብላ መልሳው አታውቅም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የጻፈው ሁሉ እውነት ነበር። ችግሩም የመጣው ከዚያ ነው።

ሚንሃጅ የሃያ ስምንት ዓመት ሰው ነው። አባቱ ሐጂ ኢስሃቅ ገበያው መግቢያ ላይ የማርና የኮረሪማ መደብር አላቸው፤ ከስልጤ አገር ወጥተው ቦንጋ ላይ ሠላሳ አምስት ዓመት ኖረዋል። ልጃቸው ጂማ ግብርና ተምሮ ተመልሶ አብሯቸው ሲሠራ ቆይቶ፣ ናይሮቢ ሁለት ዓመት ስለ ንብ የሚማርበት ዕድል አገኘ። የቀረው አንድ የእንግሊዝኛ ፈተና ብቻ ነበር። በጥቅምት አንድ እሑድ ሐጂ ኢስሃቅ ራሳቸው ትሁት ቤት መጥተው «ልጄን አደራ» አሉ። ትሁት የምትኖረው ከአባቷ ከጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ጋር ነው፤ ሁለቱ አባቶች የቆዩ ወዳጆች ናቸው። የትሁት እናት ያረፉ ጊዜ ከዘመድ ቀድመው ድንኳን ያስተከሉት ሐጂ ኢስሃቅ ነበሩ። መደብራቸውንም ሦስት ቀን ዘግተው ከለቀስተኛው ጋር ተቀምጠዋል።

ትምህርቱ ማክሰኞና ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ ነበር፤ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት፣ በሩ ክፍት ሆኖ። እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ ትምህርት ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላም ትምህርት ነበር፤ ግን እሱ ደብተሩን ሲሰጣት እሷ ወዲያው አትከፍተውም፤ ቤቷ ይዛው ትሄዳለች። የሚንሃጅ ስልክ የሱቁ ስልክ ነው፤ ማንም ያነሣዋል። ደብተሩን ግን ማንም አያነሣውም። ከሐጂ ኢስሃቅ ቤት ከሚንሃጅ በቀር እንግሊዝኛ የሚያነብ አልነበረምና።

በጥር አጋማሽ አንድ ሐሙስ ትሁት ሰባት ካርድ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። እያንዳንዱ ካርድ ላይ አንድ ቃል ተጽፏል።

«ሰባቱም መገናኘት ናቸው» አለችው። «ግን አንዱ የሌላውን ቦታ አይወስድም። ከላላው ጀምረህ ወደ ጠበቀው ትደረድራቸዋለህ።»

«ሰባቱንም መገናኘት ብለን ብንገላገል ምን ይጎድለናል፣ ቲቸር?»

«ፈታኙ አማርኛ አይሰማማ።»

ሚንሃጅ ወንበሩን ሳብ አደረገ። የመጀመሪያውን ካርድ አነሣ።

«ሚት» አለች ትሁት። «ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ይገናኛሉ። ሰላም ይባባላሉ፤ ይለያያሉ። ከመገናኘታቸው በፊትም በኋላም ያው ናቸው።»

«እኔና አብዱ ባለባጃጁ። በየቀኑ እንገናኛለን፣ በየቀኑ እንሰዳደባለን፣ አንዳችንም አልተለወጥንም።»

«ጋዘር። የተበተነ ነገር አንድ ቦታ ሲመጣ ነው።»

«የሺሺንዳ ገበያ።»

«ጥሩ። አሴምብልስ?»

«ያው ነው።»

«ያው አይደለም። ገበያተኛን የጠራው የለም፤ በራሱ ይመጣል። አሴምብል ላይ ጠሪ አለ፣ የተጠሩበት ጉዳይ አለ። ሁሉም የየራሱን ቦታ ይይዛል። የቀበሌ ስብሰባ በለው።»

«የቀበሌ ስብሰባ ላይ ማን ቦታውን ሲይዝ አይተሽ ነው? ወንበሩ በር በሩ ጋ ነው የሚሞላው።»

ትሁት ሳቀች። መደርደሪያው ሥር የተቀመጡት ሁለት ተማሪዎች ቀና ብለው አዩዋት፤ ሳቋን ዋጠችው።

«ኮንቨርጅ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ከተለያየ አቅጣጫ ወደ አንድ ነጥብ መምጣት። ምናልባት ገና አልደረሱም፤ ግን በየእርምጃው ይቀራረባሉ።»

ሚንሃጅ በዚህኛው አልቀለደም። ካርዱን ከአሴምብል ቀጥሎ አኖረው።

«ጆይን። ሁለት ቆርቆሮ ጫፍና ጫፉን አነባብረህ በሚስማር ስትመታው። ተያይዟል፤ ሚስማሩን ብትነቅለው ግን ሁለቱም እንደ ነበሩ ናቸው።»

«ቀዳዳው ይቀራልኮ።»

«አዎ» አለች፤ ይህን አስባው አታውቅም ነበር። «ቀዳዳው ይቀራል።»

«መርጅን እኔ ላስረዳ» አለ። «የሃያ ገበሬ ማር አንድ በርሜል ውስጥ እንገለብጣለን። ከዚያ በኋላ ‹የዴቻው የቱ ነው? የጌሻው የቱ ነው?› ብትዪኝ፣ ቆርጦ ያወረደው ሰው ራሱ አይለየውም።»

«ትክክል። ወሰኑ ጠፋ ማለት ነው።»

«አባቴ የሚፈራው ይኼን ነው።»

«የእኔም።»

ውጭ፣ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ ኳስ ቆርቆሮ መታ።

«ሰባተኛው ይከብዳል» አለች። «ዩናይት። አንድ ይሆናሉ፤ ግን አይጠፉም። የቸነከራቸው የለም፤ የገለበጣቸው የለም። ወደውና አውቀው ነው።»

«ምሳሌው?»

«ምሳሌውን አንተ ታመጣለህ።»

«እውነት ካልሆነ አትቀበዪም።»

«አልቀበልም።»

ሚንሃጅ ሰባተኛውን ካርድ ከስድስቱ ራቅ አድርጎ፣ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ፣ እሷ እጅ አጠገብ አስቀመጠው። እጇን አላነሣችም። እሱም አልነካትም። በመካከላቸው የነበረችው ያቺ የጣት ስፋት ቦታ ግን ቤቷ እስክትገባ ድረስ አብራት ሄደች።

•

ደብተሩን ያነበበችው ዓርብ ነው፤ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ።

ለሚት እንዲህ ብሎ ነበር፦ ዛሬ ጠዋት መናኸሪያው በር ላይ ተገናኘን፤ ደህና አደርሽ ብቻ አልኩ፤ ቀኑን ሙሉ ሌላ የረባ ነገር አልተናገርኩም። ለጋዘር፦ ሺሺንዳ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ነበር፤ እሷ ስላልነበረች ገበያው ባዶ መሰለኝ። ለአሴምብል፦ ዘመዶቼ በእኔ ጉዳይ ተጠርተው ተሰበሰቡ፤ ያልተጠራሁት እኔ ብቻ ነኝ። ለኮንቨርጅ፦ ከመደብሩ የሚወጣው መንገድና ከትምህርት ቤቱ የሚወርደው መንገድ ድልድዩ ጋ ይገጥማሉ፤ እዚያ ስደርስ እርምጃዬን እቀንሳለሁ። ለጆይን የመደብሩን ጣሪያ ጽፎ ነበር። ለመርጅ፦ ሁለት ሃይማኖት እንደ ማር አይቀላቀልም፤ እንዲቀላቀልም አልጠይቅም።

ለሰባተኛው ቃል መስመሩ ባዶ ነበር። ከሥሩ በትንንሽ ፊደል፦ ለዚህ እውነተኛ ዓረፍተ ነገር የለኝም፤ ካለሽ አንቺ ጻፊው።

ትሁት የዘመዶቹ ስብሰባ ስለ ምን እንደሆነ ታውቃለች። ጂማ የሐጂ ኢስሃቅ የንግድ ወዳጅ አሉ፤ ሀኪማ የምትባል ልጅ አለቻቸው። ሮመዳን ሊገባ የቀረው ሦስት ሳምንት ነው። ሚንሃጅ ፈተናውን ካለፈ ወደ ናይሮቢ ይሄዳል፤ የጋብቻው ወሬም ሁለት ዓመት ይቆያል። ካላለፈ ወይም ካልተፈተነ ግን ኒካሁ ከጾሙ በፊት ይታሰራል። ለሁለቱም ያ ፈተና የቀራቸው ብቸኛ በር ነበር።

ሁለት ቀን አሰበች። እሑድ ማለዳ ቀይ እስክሪብቶዋን አንሥታ ባዶው መስመር ላይ ጻፈች፦ ማንም ባይመርቀንም፣ ከናይሮቢ ስትመለስ፣ እኔና አንተ ወደንና አውቀን አንድ እንሆናለን። ደግማ አነበበችው። እውነት ነበር።

ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በመደብሩ በኩል አለፈች። ሚንሃጅ አልነበረም፤ ማር ሊረከብ ደካ ወርዷል። ሐጂ ኢስሃቅ ብድግ ብለው ደብተሩን በሁለት እጃቸው ተቀበሏት።

«መምህርት፣ እንዴት ነው ልጃችን?»

«ጎበዝ ነው ሐጂ። ሲመለስ ይስጡልኝ።»

እንደ ሁልጊዜው ነበር። ሁልጊዜም በሐጂ ኢስሃቅ እጅ ያልፍ ነበር። ወደ ቤቷ ስትወጣ ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር እንደ ሕፃን ይዘል ነበር፤ እንዲያ የተሰማት የመጨረሻ ጊዜ ያ ነው።

•

በዚያው ቀን ከሰዓት ትሁት ጓዳ ውስጥ የፈተና ወረቀት ስታርም የሐጂ ኢስሃቅን ድምፅ ከሳሎን ሰማች። በሳሎኑና በጓዳው መካከል ያለው አንድ መጋረጃ ብቻ ነው።

«ወልዴ፣ ጡረታ ከወጣህ ወዲህ ሆድ አወጣህሳ!»

«አንተ ምን አለብህ፤ ማር እየላስክ አታረጅም። ግባ፣ ግባ፤ እዚያ ወንበር ላይ አይደለም፣ እግሩ ተሰብሯል።»

ተሳሳቁ፤ ስለ ዝናቡ ተነጋገሩ፤ ስለ አንድ ስለሚያውቁት በሽተኛ ተጠያየቁ። ከዚያ የፌስታል ኮሽታ መጣ።

«ወልዴ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ። አንተ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንግሊዝኛ የተየብክ ሰው ነህ።»

«ትየባውን እንኳ ተወው። ምንድን ነው?»

«የልጄ ደብተር ነው። ለጂማዎቹ መልስ ስጥ እየተባልኩ ነው፤ አንድ ሁለት ቀን ብዬ አዘግይቻለሁ። ልጁ ከልቡ ደርሶ እንደሆነ ናይሮቢውን ይሂድ፤ እኔ ዕድሉን አልዘጋበትም። ካልደረሰ ግን የሰው ልጅ ለምን አስጠብቃለሁ? እሱን ብጠይቀው ደርሻለሁ ነው የሚለኝ። ልጅህን ብጠይቃት ታፍራለች። አንብበህ እውነቱን ንገረኝ።»

የትሁት እጅ አንዱ ወረቀት ላይ ቆመ። አባቷ የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ታይፒስት እንደነበሩ፣ እንግሊዝኛ እንደሚያነቡ፣ መቼም ረስታው አታውቅም። የደብተሩን መንገድ ሁሉ ስታስብ ግን ከመደብሩ ወደ ራሷ ቤት ሊመጣ እንደሚችል አልታያትም።

«መነጽሬን» አሉ ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ። ገጽ ተገለጠ። «እ... የመጨረሻው ይሁን? ‹ዛሬ ጠዋት መናኸሪያው ጋ ተገናኘን፤ ደህና አደርክ ብቻ አልኩ› ይላል። ጥሩ ነው። ቀጥ ያለ ነው።»

«ከማን ጋር ነው የተገናኘው?»

«ከሰው ጋር ነዋ። ‹ሺሺንዳ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ነበር፤›» ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ትንሽ ዘገዩ፤ «‹ጓደኛዬ ስላልነበረ ገበያው ባዶ መሰለኝ።›»

«ጓደኛ! ለዚህ ነው ባዶ እጁን የተመለሰው። ቀጥል።»

«‹ዘመዶቼ በእኔ ጉዳይ ተጠርተው ተሰበሰቡ፤ ያልተጠራሁት እኔ ብቻ ነኝ።›»

ሐጂ ኢስሃቅ በረጅሙ ሳቁ። «ያንንም ጻፈው እንዴ? ይሄ ልጅ! እኔኮ እቃ ክፍሉ ውስጥ ያለ መስሎኝ ነበር ድምፄን ያልቀነስኩት።»

የሚቀጥለውን ሲያነቡ የአባቷ ድምፅ ተለወጠ። የትምህርት ቤቱን መንገድ፣ ድልድዩን፣ እርምጃ መቀነሱን አነበቡ፤ እያንዳንዱን ቃል እንደ ደረጃ እየረገጡ። ትሁት ድልድዩ ላይ ምን እንደተረዱ አወቀች። የጣሪያውን በፍጥነት አለፉት። ስድስተኛው ላይ ብዙ ቆዩ።

«ይሄኛው» አሉ በመጨረሻ፤ «‹ሁለት ዓይነት ማር አይቀላቀልም› ይላል።»

«ይቀላቀላል እንጂ! ምን ሆኗል ይሄ ልጅ? ራሱ አይደል እንዴ በርሜሉን የሚገለብጠው?»

«እንግዲህ እንዲህ ይላል።»

«በቀይ የተጻፈውስ? ታች ያለው?»

ትሁት ተነሥታ መጋረጃው ጋ ደርሳ ነበር። ጨርቁን በሁለት ጣቷ ይዛዋለች። ሦስት እርምጃ ብትሄድ ሁለቱ ሰዎች ፊት ትቆማለች፤ ‹የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እንዲህ ብዬ ነው› ትላለች። ዓረፍተ ነገሩ አፏ ውስጥ ነበር፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም።

«በቀይ ያለው የመምህርቷ ነው» አሉ አባቷ። ድምፃቸው የሽማግሌ ድምፅ ሆነ። «‹ተማሪው ይጥራል። ግን ገና ነው። አንድ ዓመት ያስፈልገዋል› ትላለች።»

ትሁት መጋረጃውን አልገለጠችም። ጨርቁ ላይ የወጣች አንዲት ክር አየች። ክሯን ተመለከተቻት፤ ሌላ ምንም አልተመለከተችም።

«ገና ነው?» አሉ ሐጂ ኢስሃቅ ቀስ ብለው።

«ገና ነው።»

«አልሐምዱሊላህ፤ ማወቅ ይሻላል። ሌላ ሰው ቢሆን በይሉኝታ ጎበዝ ነው ይለኝ ነበር፤ እሷም ጠዋት እንደዚያው ነው ያለችኝ። በጽሑፍ ግን አልዋሸችም። ጥሩ ልጅ ነው ያሳደግከው ወልዴ።»

«ደብተሩ እዚህ ይቆይ፤ ያልታረመ ገጽ አለ» አሉ አባቷ።

እንግዳው ከሄዱ በኋላ ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ወደ ጓዳው አልመጡም። ከሳሎን ሆነው ተናገሩ።

«ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ድንኳን የተከለልን ሰው ነው ትሁት። በምን አፌ ላንብብለት?»

መቆጣት እንዳለባት ታውቅ ነበር፤ ቁጣውን ፈለገችው። ተመልሳ ተቀመጠችና ከወረቀቶቹ አንዱን አንሥታ አረመች። ሃያ አንደኛው ነበር። ሠላሳ ስምንቱንም ጨረሰች፤ አንድም አልተሳሳተችም።

•

ሰኞ ስልኳ ሦስት ጊዜ ጠራ፤ አላነሣችውም። ማክሰኞ ከምሳ በኋላ፣ ገና ሰዓቱ ሳይደርስ፣ ሚንሃጅን ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ቆሞ አገኘችው። ዓይኑ ሥር ጠቁሯል።

«ገና ነው ብለሻል?» አለ። ሰላም አላላትም።

«ግባ።»

«አልገባም። መልሺልኝ። አራት ወር ሙሉ ስታይኝ ኖረሽ፣ ገና ነው ያልሺው እኔን ነው እንግሊዝኛዬን?»

«አላልኩም።»

«አባቴ በጆሮው ሰምቶ ነው የነገረኝ። አባትሽ አንብበውለታል።»

«አባቴ የሌለ ነገር ነው ያነበበው።»

ሚንሃጅ በሩን ተደገፈ። ኮሪደሩ ላይ አንዲት ተማሪ በመጥረጊያ አቧራ እየገፋች አለፈች፤ እስክታልፍ ጠበቁ።

«ታዲያ ምን ነበር የጻፍሽው?»

ነገረችው። በዝግታ፣ ቃል ሳታጎድል፣ ቦርድ ላይ እንደምታነብ አድርጋ። ሲሰማ ፊቱ ተከፈተ። ለአፍታ የታኅሣሡ ሰው፣ የሚስቀው ሰው ሆነ።

«አላህ!» አለ። «እኔኮ ሁለት ሌሊት... ትሁት፣ እኔኮ ሞቼ ነበር የከረምኩት!» ከዚያ የሆነ ነገር ገባው፤ ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ወረደ። «አንቺ ግን የሌለ ነገር እንዳነበቡ በምን አወቅሽ?»

«ጓዳ ነበርኩ።»

«ሲያነቡ?»

«ሲያነቡ። መጋረጃው ጋ ቆሜ ነበር።»

«ለምን አልወጣሽም?»

«አላውቅም።»

«ሦስት እርምጃ ነው ሳሎናችሁኮ!»

«አውቃለሁ። ቆጥሬዋለሁ።»

«ፈርተሽ ነው? በይ ፈርቼ ነው በዪኝ፤ እረዳሻለሁ። እኔም እፈራለሁ።»

ፈርታ እንደሆነ ራሷን ጠየቀች። ፍርሃት አልነበረም። ፍርሃት ቢሆን ልብ ይመታል።

«ቢሰማኝ እነግርህ ነበር» አለች። «የሆነ ነገር ጠፋብኝ ሚንሃጅ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እጄ የሌላ ሰው ነው የሚመስለኝ።»

ሊቆጣ ነበር፤ ተወው።

«ዛሬ ከዓስር ሶላት በኋላ አባቴ ጂማ ይደውላል» አለ። «ቃል ከሰጠ አይመልሰውም፤ ታውቂዋለሽ። ነዪ። እዚያ ቁሚ። የጻፍሽውን በአፍሽ ንገሪው። እኔ አጠገብሽ ነኝ። ቢያባርረን አብሮ ያባርረን።»

«እመጣለሁ» አለች።

እውነት መሰላት። ሚንሃጅ መንገዱን ሲወርድ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ አያት። ድሮ ቢሆን ያቺ እይታ ለሳምንት ትበቃት ነበር። አሁን አንድ ሰው ከሩቅ ዞር ሲል አየች፤ ያ ብቻ ነው።

•

መደብሩ ውስጥ የኮረሪማ ሽታ ነበር። ሐጂ ኢስሃቅ ከሶላት ተመልሰው እጅጌያቸውን እያወረዱ ነው። ሲያዩዋት ብድግ አሉ፤ በርጩማውን በኩታቸው ጫፍ ጠረጉላት። ሚንሃጅ ከወዲያ በኩል በትልቅ ጭልፋ ከባልዲ ወደ ማሰሮ ማር ይቀዳል። ቀና አላለም።

«መምህርት፣ እኔው ልመጣ ነበር ላመሰግንሽ» አሉ ሐጂ። «እውነት የሚናገር ሰው አሁን የት ይገኛል? ቅር ብሎሽ እንዳይሆን፤ ደብተሩን ለአባትሽ ያሳየሁት ተጠራጥሬሽ አይደለም።»

«ቅር አላለኝም ሐጂ።»

«አባትሽ ሲያነብልኝ ድምፁ ሁሉ ተለወጠ፤ ለእኔ አዝኖ ነው። እንዲያ ያለ ወዳጅ ነው ያለኝ።»

ትሁት የማሩን ባልዲ አየች። ጫፉ ላይ አንዲት ጉንዳን እግሯ ተይዞባታል። ልትናገር ያሰበችው ሁሉ በቦታው ነበር፤ አንድም ቃል አልጠፋባትም። አሁን ብትናገረው ግን እኚህ ሰው ማታ ቤታቸው ገብተው ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ያመኑትን ሰው ስም እንዴት እንደሚጠሩ አሰበች። የሚጠሩበት ቃል አልታያትም።

«ሐጂ፣ የመጣሁት ለማረም ነው» አለች። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ደብተር ተለዋወጠብኝ፤ ‹ገና ነው› ብዬ የጻፍኩት ለሌላ ተማሪ ነበር። አባቴ ያገኘውን ነው ያነበበው። ሚንሃጅ ደርሷል። ይፈተን። ያልፋል።»

ጭልፋው ቆመ።

ሐጂ ኢስሃቅ ፊቷን አዩ፤ ከዚያ ልጃቸውን አዩ፤ እንደገና እሷን። አርባ ዓመት ሰው ሲዋዋል ያዩ ዓይኖች ናቸው።

«ሌላ የምትነግሪኝ አለ፣ ልጄ?» አሉ።

ቁጣ አልነበረበትም። በሩን ገርበብ አድርገው የተዉላት ያህል ነበር፤ ግቢም አላሉ፣ ሂጂም አላሉ። ሚንሃጅ ጭልፋውን ባልዲው ውስጥ ትቶ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከእጁ ማር ይንጠባጠባል። አያያት ነበር፤ በዓይኑ ይጎትታት ነበር።

«የለም» አለች ትሁት።

ቃሉ ቀላል ነበር። አላቃጠላትም።

«እንግዲያው ይፈተናል» አሉ ሐጂ ኢስሃቅ። ስልካቸውን ከጠረጴዛው አንሥተው ኪሳቸው ከተቱት። «ለጂማዎቹ ሁለት ዓመት እላቸዋለሁ። የሚጠብቁ ከሆነ ይጠብቁ።»

ሚንሃጅ እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ፤ ጣት በጣት። ስትነሣ እስከ በሩ ሸኛት።

«አመሰግናለሁ ቲቸር» አለ፤ አባቱ እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ቀጥሎ፣ እሷ ብቻ በምትሰማው፣ «የምሄድበትን ነው የሰጠሽኝ። የምመለስበትን ወሰድሽብኝ» አለ።

መልስ ጠበቀ። አንዲት ባጃጅ በመካከላቸው ጡሩንባ ነፍታ አለፈች። ስታልፍ እሱ ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ እሷም የቆመችበት እዚያው ቆማ ነበር።

•

ቤት ስትገባ አባቷ ሳሎን ውስጥ ኮታቸውን ሳያወልቁ ተቀምጠዋል። መብራት ጠፍቷል፤ በመስኮቱ የምትገባው የምሽቱ መግቢያ ብርሃን ግንባራቸው ላይ ብቻ አርፋለች።

«መደብር ሄድሽ?»

«ሄድኩ።»

ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ሲጨንቃቸው በካፊኖኖ ቋንቋ ነው የሚያጉተመትሙት፤ አሁንም አንድ ነገር አጉተመተሙ። «አውቋል በይኛ» አሉ።

«ያነበብከውን የጻፍኩት እኔ ነኝ አልኳቸው። ደብተር ተለዋወጠብኝ አልኩ። ሚንሃጅ ደርሷል፣ ይፈተን አልኩ።»

«እኔን...?»

«ያገኘውን ነው ያነበበው አልኩ።»

አባቷ መነጽራቸውን አወለቁ። ጨርቅ ፈልገው አላገኙም፤ በእጃቸው ያዙት።

«ሌላስ? ሌላ አልጠየቀሽም ኢስሃቅ?»

«ጠየቁኝ። ሌላ የምትነግሪኝ አለ ወይ አሉኝ።»

«ምን አልሽ?»

«የለም አልኩ።»

ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ከዚያ ትከሻቸው ተንቀሳቀሰ። ትሁት በመጀመሪያ ያሳላቸው መሰላት። እናቷ በተቀበሩ ቀን እንኳ ሰው ፊት ያላለቀሱ ሰው፣ መዳፋቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው፣ ድምፅ እንዳይወጣቸው ጥርሳቸውን ነክሰው ያለቅሱ ነበር። «ልጄን» ይላሉ በመካከሉ፤ «ልጄን በገዛ አፌ...» እያሉ አይጨርሱትም።

አጠገባቸው ተቀመጠች። እጇን ትከሻቸው ላይ አደረገች፤ ሰው ሲያለቅስ እንደዚያ ይደረጋልና። የኮቱን ሸካራነት መዳፏ ላይ አወቀችው፤ ከመዳፏ አልፎ ግን አልገባም። አባቷ ሲያለቅሱ፣ ውጭ ሲጨልም፣ ትሁት ጸጥ ብላ ተራዋን ጠበቀች። ይመጣል ብላ አምና ጠበቀች። አባቷ አልቅሰው ጨረሱ፤ የእሷ ግን ገና አልመጣም ነበር።